ሙሽሪትና ግራጫው

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝና በሩን እንድዘጋው ነገረኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት በር የሚዘጋው ወይ ሰው ሲሾም ወይ ሰው ሲሰናበት ነው። የምሾምበት ምክንያት ስላልታየኝ እጄ መያዣው ላይ ትንሽ ቆየ።

«ሦስቱን ሲስተሞች የምታወዳድሪው አንቺ ነሽ» አለ። «ውጤቱ ረቡዕ ለኮሚቴው ይቀርባል። ሞካሪዋ እትዬ ይሁኑ።»

«እትዬ ብቻ?»

«ማስታወቂያው የእሳቸው ሥራ አይደል? እሳቸው ከቻሉ ማንም ይችላል። ካልቻሉ ደግሞ...» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «ካልቻሉ ማስታወቂያውን ለውጭ ድርጅት እንሰጠዋለን፤ የሥራ መደቡም ይታጠፋል። እኔ በሴትዮዋ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ግን አንድ ማስታወቂያ ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት መሥሪያ ቤት ሆነን መቀጠል አንችልም።»

መሥሪያ ቤታችን ለከተማው ውሃ ያከፋፍላል። ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ማጠራቀሚያ ሲታጠብ፣ የትኛው ሰፈር ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደማያገኝ በድረ ገጻችን እንገልጻለን። ማስታወቂያውን የሚጽፉት እትዬ ናቸው። የሚለጥፈው ግን ፕሮግራመራችን ሽቦ ነው። ሽቦ የተባለው በቅጥነቱ ነው፤ አሮጌውን ድረ ገጽ ከእሱ በቀር ለመንካት የሚደፍር የለም። ባለፈው ወር ታሞ ሦስት ቀን ሲተኛ፣ የእትዬ ማስታወቂያም ኢሜይሉ ውስጥ አብሮት ተኛ። ሁለት ሰፈር ባልዲውን ሳይሞላ ውሃ ተዘጋበት። ስልካችን ሲጮህ ዋለ። ማንም ሰው በራሱ ሊለጥፍበት የሚችል አዲስ የይዘት ማስተዳደሪያ ሲስተም ያስፈልጋል የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለሙከራ የቀረቡት ሦስት ናቸው። የሲስተሞቹ ስም ምላስ የሚያስር ስለነበር ሽቦ የራሱን ስም አወጣላቸው። አንዱ ሁሉንም ነገር ሳጥን ውስጥ ሳጥን አድርጎ ስለሚያስቀምጥ «ሳጥኖቹ» ተባለ። ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው፤ የሚጫኑት በተኖቹ ሙሉ ስማቸውን ተሸክመው በግራ በኩል ተሰልፈዋል። እሱ «ግራጫው» ሆነ። ሦስተኛዋ «ሙሽሪት» ናት። ነጭና ጸጥ ያለች ናት። የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ነው የሚታየው፤ የቀረው ሁሉ ማውዝ ሲጠጋው ብቅ ይላል፣ ሲርቀው ይጠፋል። የመሥሪያ ቤቱ የድረ ገጽ ዲዛይነር ስለሆንኩ የሙሽሪትን የሙከራ ገጾች የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ወር ፈጅተውብኛል። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳያቸው የሠራኋቸው እኔ መሆኔን እረሳና ደስ ይሉኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬን ትንሿ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ፈተናው እንዲቀረጽ የላፕቶፑን ካሜራ ከፍቼ ፊታቸው አደረግሁት፤ እኔ ከጠረጴዛው ጎን፣ ስክሪኑ በሚታየኝ በኩል ሆንኩ። ፈተናውን ስንጀምር የሚነበብ ጽሑፍ አለ። አነበብኩ።

«ዛሬ የምንፈትነው ሲስተሙን ነው፤ እርስዎን አይደለም። ስህተት ቢኖር የሲስተሙ ነው።»

እትዬ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ።

«ኧረ ተይ ልጄ! ታዲያ ሲስተሙ ቢወድቅ ቤቱ ሊገባ ነው? እኔ አይደለሁ የምገባው?»

ያውቃሉ ማለት ነው። ለካ ሁሉም ሰው ያውቃል። ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቷቸዋል።

ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ መጻፍ፣ የሰፈሩን ካርታ ማያያዝ፣ መለጠፍ። የተመልካቹም ሕግ አንድ ነው፤ አለመናገር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ጭንቅላት መነቅነቅ እንኳ እርዳታ ነው ይለን ነበር። እኔ በዚያ ትምህርት ጎበዝ ነበርኩ። ዝም ማለት ሌሎቹን ሲያስቸግራቸው እኔን አላስቸገረኝም።

ሳጥኖቹ ላይ እትዬ ዘጠኝ ደቂቃ ታግለው «ይኼ ለጠላቴም አይሁን» ብለው ማውዙን ለቀቁ። ግራጫው አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀባቸው። ሙሽሪት ላይ ግን እጃቸው እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሁለት ደቂቃ ከዐሥር! ሰዓቱን ሁለቴ አየሁት። ደስ አለኝ፤ ለእትዬ ይሁን ለገጾቼ ግን ለይቼ አላወቅሁም።

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ። «እንዲያውም ረቡዕ ኮሚቴው ፊት በቀጥታ ይሥሩት» አለ። «አይተው ይመኑ።»

ረቡዕ ጠዋት፣ ስብሰባው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣ ለኮሚቴው የማሳየው አጭር ቪዲዮ ለመቁረጥ የሰኞውን ቀረጻ ከፈትኩ። ካሜራው ስክሪኑ አናት ላይ ስለነበር የሁለታችንንም ፊት ይዟል። ቢሮው ውስጥ ሰው ስላለ ድምፁን አጠፋሁት። ድምፁን ባላጠፋው ኖሮ ምናልባት አላየውም ነበር።

እትዬ ይጽፋሉ። ያቆማሉ። ዓይናቸው ከስክሪኑ ተነስቶ በመነጽራቸው ጎን ወደ እኔ ይመጣል፤ ለአፍታ ብቻ። ከዚያ እጃቸው ይሄዳል።

መልሼ አጫወትኩት። በዚህኛው እሳቸውን ትቼ ራሴን አየሁ። ዓይኔ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ቀድሞ ተተክሏል። እትዬ ማውዙን ከማንሳታቸው በፊት እኔ እዚያ ደርሻለሁ። የመለጠፊያው ምልክት የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ማውዝ ካልነካው የማይታይ አንድ ትንሽ ቀስት። ከንፈሬ ሳይቀር ወደፊት ሾሏል። መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ ፊቴ ይጮሃል።

ቆጠርኩ። ሙሽሪት ላይ ዐሥራ አንድ ጊዜ አይተውኛል፤ ዐሥራ አንድ ጊዜም መልሼላቸዋለሁ። ግራጫው ላይም አይተውኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ግራጫውን ስለማልወደው አላየሁትም። ስለዚህ እትዬ አራቱን ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሠሩት ብቻቸውን ነው።

ተነስቼ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ።

እትዬ ፀጉራቸውን እየነካኩ በስልካቸው ስክሪን ፊታቸውን ይመለከታሉ። አዲስ ሻርፕ አድርገዋል።

«እትዬ፣ ሰኞ ዕለት...» አልኩ።

«ሰኞ ዕለት ምን?»

«እኔን እያዩ ነበር የሠሩት።»

«ታዲያስ! ማንን ልይ? ግድግዳውን?» ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ወደ ማስታወቂያ ከመዛወሬ በፊት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቅሬታ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ እኮ። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ ማይክሮፎኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ማንም አልሠራውም። ሰው አፉን ሳይከፍት ምን ይዞ እንደመጣ ከፊቱ ነው የማነበው። የአንቺማ ፊት በትልልቁ ነው የተጻፈው።»

«ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን እነግርሻለሁ? ከሥራዬ እንዲያስወጡኝ ነው?»

በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። «ዛሬስ?»

«ዛሬማ እዚያው ትቀመጪልኛለሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከጎኔ። ምንም እንድትዪኝ አልፈልግም። ሁለት ደቂቃ ናት። ከተገዛ በኋላ በደብተር እጽፈዋለሁ፣ እለምደዋለሁ።»

«እኔ በሌለሁ ቀንስ?»

«የዚያን ቀን የዚያን ቀን ይታያል።»

«ግራጫውን ግን ብቻዎን ሠርተውታል። እኔ ምንም አላገዝኩም። በቪዲዮው አይቻለሁ።»

«በአራት ደቂቃ! ያ ሰውዬ አራት ደቂቃ ይታገሣል? ሊፍት እንኳ መጠበቅ አቅቶት በደረጃ የሚሮጥ ሰው!» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «አንቺ ልጅ፣ ቤት ገብቼ ግድግዳ እንድቆጥር ነው የምትፈልጊው?»

እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አብሬያቸው ለመቀመጥ ወስኜ ነበር፤ እግሬ ብቻ ነበር ያልተስማማው። ሽቦ በሩን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባ።

«ሙሽሮች፣ ሚዜዎቹ ተሰብስበዋል። ኑ።»

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ፕሮጀክተሩ ሙቀቱን ይተፋል። ከላፕቶፑ ፊት አንድ ወንበር፣ ከጎኑም ለእኔ ሌላ ወንበር ተዘጋጅቷል። እትዬ ተቀመጡና ባዶውን ወንበር በእጃቸው ትንሽ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሥራ አስኪያጁ የሰኞውን ቁጥሮች ግድግዳው ላይ አወጣ።

«እንደምታዩት» አለ፣ «ልዩነቱ የሚያከራክር አይደለም። ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። አሁን ደግሞ በዓይናችሁ...»

«ይቅርታ» አልኩ።

ከእኔ ይልቅ በሩ የተናገረ መሰለኝ። ሁሉም ዞረ። በስብሰባ ላይ ሳይጠይቁኝ ተናግሬ አላውቅም።

«ቁጥሩ ትክክል አይደለም። የሙሽሪት... የሦስተኛው ሲስተም ቁጥር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«እንዴት አድርገሽ?» አሉ የሕግ ክፍል ኃላፊዋ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ሰውነታቸው።

«ረድቻቸዋለሁ።»

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። በዓይኔ... እኔ የማየውን እያዩ ነው የተጫኑት።»

አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። እትዬ አልዞሩም። አንገታቸው ብቻ ሲቀላ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

«ጥሩ» አለ። «እንደገና ይሠራሉ፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም። አንቺ ከኋላ ቁሚ። መጀመሪያ ሦስተኛውን።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ የሚታየኝ የእትዬ ጀርባና ግድግዳው ላይ የተዘረጋው ነጭ ስክሪን ነው። ሽቦ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ሰዓት አስጀመረ።

ጽሑፉን ቶሎ ጨረሱ። ካርታውንም አስገቡ። ከዚያ ማውዙ ቆመ። ነጩ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር የማውዝ ጠቋሚ ወዲህ ወዲያ ትዞር ጀመር፤ መንገድ እንደ ጠፋባት ሰው ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች። እትዬ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ዓይኔ ወደ ቀኙ ጥግ እንዳይሄድ በመዳፌ ጋረድኩት፤ ማንም የሚያየኝ ባይኖርም።

በመጨረሻ እታች ብቅ ያለችውን ክብ ምልክት ተጫኑ። ስክሪኑ መሃል አንድ ትልቅ አረንጓዴ የትክክል ምልክት አበበና ቀስ ብሎ ደበዘዘ።

«ሦስት ደቂቃ ከአምስት!» አለ ሥራ አስኪያጁና እጁን አጨበጨበ። ሁለት ሰዎች አብረውት አጨበጨቡ። «ያለ ዓይንም ያው ነው!» ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ይቅር ያለኝ ይመስል ነበር።

ሽቦ አየኝ፤ አየሁት። ሁለታችን ብቻ ነበርን የምናውቀው። ክቧ ረቂቁን ታስቀምጣለች እንጂ አትለጥፍም። አረንጓዴው ምልክት የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አበቃቀሉን እንኳ ወድጄው ነበር። ሽቦ ከንፈሩን ነከሰ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አንስቷል። እኔ ዝም ብል ሁሉም ነገር በዚህ ያልቃል፤ እትዬም ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። አንዴ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛ የምናገርበት አቅም ፈልጌ አጣሁ።

በዚህ መሃል እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ስልካቸውን ሲያወጡ አየሁ። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ማስታወቂያቸው ሕዝብ በሚያየው ገጽ ላይ መውጣቱን በራሳቸው ስልክ ሳያዩ ከወንበራቸው አይነሱም። ገጹን ከፈቱ። አደሱት። ደግመው አደሱት። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

ምንም ባይሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

«አልወጣም» አሉ።

«ምኑ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማስታወቂያው ነዋ።»

«ምልክቱን አሁን አየን እኮ፣ እትዬ።»

«ምልክቱስ ወጥቷል። ሰዉ ግን ምልክት አይጠጣም።» ስልኩን ለሕግ ክፍል ኃላፊዋ አቀበሏቸው። ኃላፊዋ አዩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ከፈቱ፤ እዚያም የለም።

«አንድ ነገር ረስተው ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይሆናል። እስቲ ጌታው ይሞክሩት።» እትዬ ከወንበሩ ተነሱ። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብረሳም አይፈረድብኝም።»

ተሳቀ። ሥራ አስኪያጁም እየሳቀ ተቀመጠ። ክቧን ተጫነ፤ አረንጓዴው አበበ። «ይኸው» አለ። ኃላፊዋ ስልካቸውን አደሱና «ባዶ» አሉ። ደግሞ ተጫነ። አበበ። «ባዶ።» ሦስተኛ ጊዜ ሲጫን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ማውዙን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወሰደው። ጆሮው ሥር ቀላ። ሰዓቱን ማንም አላስቆመውም፤ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ይሮጣል። እሱ ከተቀመጠ አራት ደቂቃ አለፈ።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ፈለገ። ዓይኔን በቀጥታ አየው።

ወለሉን አየሁ። የወለሉ ንጣፍ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት።

«ይሄን ነገር የት ነው የደበቃችሁት?» አለ በመጨረሻ።

«ከላይ በቀኝ ጥግ» አልኩ ቀና ሳልል። «ማውዙን ሲያስጠጉት ነው የሚታየው። አቅራቢዎቹ እንድንቀይረው አይፈቅዱም፤ ጠይቄ ነበር።»

ቀስቱ ብቅ አለ። ማስታወቂያው ወጣ። ኃላፊዋ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄን ማን ያውቃል?» አሉ።

«የሚያውቅ ያውቀዋል» አለ ሽቦ፣ ለራሱ።

ግራጫው ተከፈተ። ከሙሽሪት በኋላ ሲታይ በእውነት አስቀያሚ ነው፤ አንድ ሰው «ኤጭ» ሲል ሰማሁ። እትዬ ተቀመጡ። ወደ ጎን አላዩም። ጽሑፉ ላይ አንድ ቃል ተሳስተው አረሙ። ካርታው መጀመሪያ በጎኑ ተኝቶ ገባ፤ አጥፍተው እንደገና አስገቡት። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆሞ ቀረ፤ የበተኖቹን ስም ከላይ ወደ ታች በከንፈራቸው ሲያነቡ ከኋላ እንኳ ይታወቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ጠረጴዛውን አንዴ መታና ተወ። «ለጥፍ» የሚለውን ተጫኑ። ስልካቸውን አነሱ፣ አደሱ፣ አዩ። ከዚያ ስልኩን ሳይናገሩ ወደ ኃላፊዋ ገፉት።

«አምስት ደቂቃ ከዐሥራ አምስት» አለ ሽቦ።

«ወጥቷል» አሉ ኃላፊዋ።

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ያያል። «ይሄን መልክ ይዘን ሕዝብ ፊት ልንወጣ ነው?»

«ሕዝብ የሚያየውን ገጽ እኔ አሳምረዋለሁ» አልኩ። «የሚጻፍበት በኩል ብቻ ነው እንዲህ የሚቀረው። አንድ ወር ይስጡኝ።» በአንድ ቀን ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ኃላፊዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «የውጭ ድርጅት የሚባለው ቀርቷል ማለት ነው እንግዲህ። ማስታወቂያው አለመውጣቱን እዚህ ክፍል ውስጥ ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤው ላይ ሲጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድድ ምንም አልቀረውም፤ ጻፈው ግን። ግራጫው ይገዛ። የማስታወቂያ መደቡ ባለበት ይቆይ።

እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው በአጠገቤ አለፉ። አላዩኝም። ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ላይ ሰላም አልኳቸው፤ «ደህና ነን» ብለው ግድግዳውን ታከው ወጡ። ዓርብም እንዲሁ። ሽቦ «ተያቸው፣ ኮሚቴ ፊት ነው እኮ ሌባ ያስመሰልሻቸው» አለኝ። ልክ ነበር። ቁጥሩን ለማረም ስሯሯጥ ራሴን ብቻ የከሰስኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የግራጫውን ገጾች እየሠራሁ ሳለ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እትዬ ከጎኔ ተቀመጡና ስክሪኔን ተመለከቱ።

«ደረቅ ነሽ» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ እዚያ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊትማ አዋረድሽኝ።» ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ልረግምሽ ሞከርኩ፤ ጧት ጧት ማስታወቂያ ይደርስብኝና እረሳዋለሁ።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ፤ «ለጥፍ» የሚለው በተን ላይ። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው? የሞተ አህያ ይመስላል።»

«ልቀይረው?»

«ቀይሪው እንጂ። እንደፈለግሽ አሳምሪው።» ጣታቸውን አላነሱም። «ከዚህች ቦታ ግን ንቅንቅ እንዳታደርጊያት።»